የምድር ቤቱ ነፋስ

«ጭሱ ምድር ቤቱን ሞላው። የገዛ እጃችሁን እንኳ አታዩም» አለች የጨዋታቸው ዳኛ፤ ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

ከአፍ የወጣ አይመለስም። ሹፌሩ ሳል ሳይዘው ሳለ። ነርሷ የሻይ ብርጭቆዋን አተኩራ ማየት ጀመረች። የዳኛዋ ታናሽ ወንድም በያጁ ግን ፊቱን ወደ እህቱ ድምፅ እንዳዞረ ተቀምጧል። ሥራ ቦታ የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ ዓይኑን ካጣ ወዲህ ከክፍሉ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስንት ለምና ያመጣችው እሷው ናት። ጨዋታውን ከአደጋው በፊት ካቆሙበት ስትቀጥል፣ ያኔ የለኮሰችው እሳት ዛሬ እንደሚጨስ አላሰበችም።

ጨዋታው የምናብ ነው። እሷ የሚሆነውን ትናገራለች፣ እነሱ የሚያደርጉትን ይመልሳሉ፣ ዕድላቸውን የሚወረወር ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል። በጨዋታው ሹፌሩ ወታደር ነው፤ ነርሷ ሌባ። ወንድሟ ከተማሪነቱ ጀምሮ ያሳደገው ሽማግሌ አስማተኛ አለው። አሁን ሦስቱም በሚቃጠል ግንብ ሥር ተዘግቶባቸዋል፤ መውጫው ከብረት ፍርግርጉ ማዶ ያለው ደረጃ ብቻ ነው። አስማተኛው በአንድ ቃል ከቆመበት ብን ብሎ ማዶ ይገኝና ይከፍትላቸዋል። ድግምቱ ግን ሕግ አለው፤ የሚሄድበትን ቦታ ማየት አለበት።

«በድንገት ነፋስ ገባ» አለች ቶሎ ብላ። «ጭሱ ገለል ሲል ደረጃው ወለል ብሎ ታየ።»

«ነፋሱ ከየት መጣ?» አለ ወንድሟ።

«ከውጭ ነዋ።»

«እታለም፣ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው ብለሽ ነበር። ወይስ ሹፌራችን በኪሱ ይዞት መጣ?»

ሹፌሩ እሱ የያዘው ነፋስ ሌላ ዓይነት እንደሆነ፣ ለእሱም ቢሆን መስኮት እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ነርሷ በክርኗ ጎሰመችው።

ወንድሟ አልሳቀም። ነፋሱን ወደመጣበት እንድትመልሰው ጠየቃት። ማየት ያልቻለ አስማተኛ አቅጣጫውንና ርቀቱን በቃሉ ከተናገረ ድግምቱ እንደሚሠራ ያስተማረችው ራሷ ናት። ከተሳሳተ ግን ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። ሽማግሌው ደግሞ አስቀድሞ ቆስሏል፤ አንድ ጥሩ ምት ይበቃዋል። ሽማግሌው ከሞተ ወንድሟ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ እንደሚገባ፣ በሩንም እንደሚዘጋ፣ ሁለተኛ እንደማይወጣ ታያት።

«ፊት ለፊት ዐሥር ክንድ» አለ በያጁ ከጭሱ በፊት የነገረቻቸውን እያስታወሰ ቀስ ብሎ፣ «ከዚያ ወደ ግራ አራት።»

በእርሳስ የሣለችውን ካርታ አየች። ዐሥሩ ልክ ነው። በስተግራ ያለው ግን ግድግዳ ነው፤ ደረጃው በቀኝ ነበር።

ሹፌሩም አይቶታል፤ በዓይኑ ለመናት። ነርሷ ምንም ሳትናገር እርሳሱን አነሣች፤ የቀኙን ደረጃ ሰርዛ በግራ በኩል ሌላ ሣለች። አሣሣሏ ከእህቱ ይበልጥ ያምራል። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ሦስቱ ብቻ።

«ግድግዳ ነው» አለች እህቱ። «ደረጃው በቀኝ ነበር፣ ወንድሜ። ከድንጋዩ ጋር ተላተምክ።»

አንገቱን ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሏት ከወንበሯ ብድግ አለች። እየሳቀ ነበር።

«ተመስገን» አለ። «እቤት ወንበሩ ሁሉ ከመንገዴ ሲሸሽ ከረመ። የምላተመው ግድግዳ ሊጠፋ ነው ብዬ ነበር።»

የሽማግሌውን መትረፍ አለመትረፍ የሚናገረው ዳይሱ ነው። በያጁ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ ካርታውን ዳበሱ፣ እርሳሱን አንከባለሉ፣ የሹፌሩን ብርጭቆ ነክተው ሻዩን ደፉት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ነርሷ እጆቿን ጭኗ ሥር ቀብራ፣ ሹፌሩ ከንፈሩን ነክሶ፣ እህቱ እንደቆመች ትንፋሿን ይዛ፣ ጣቶቹ በፈሰሰው ሻይ ውስጥ ወደ ዳይሱ ሲመጡ ያያሉ።