የፈረንጆቹ ሳጥን

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ፈረንጆቹ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ በሚያወርደው መንገድ መንደሩ የደረሱ ዕለት ሰው ሁሉ ያየው ሕፃናቱን ነበር። ተስፋው ግን ዓይኑን የጣለው በሳጥኑ ላይ ነው። በቅሎ የሚያጎብጥ የብረት ሳጥን፣ ጭብጥ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

ልጅቱ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጠጉሯ የገብስ ነዶ ይመስላል። የመንደሩ ሴቶች ወዲያው ማንጠግቦሽ አሏት። ወንድሟ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። አባታቸው አሥመራ አስተማሪ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለፈረንጆች ገና ሲዘጋ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ የሰቆጣውን በቅሎ ነጂ ሙሄን ቀጥሮ ቆላ ወረደ።

«ምን ፍለጋ ነው?» ሲሉ ጭቃ ሹም ምትኩ ሙሄን ጠየቁት።

«ለመዝናናት ነው ይላሉ።»

«ሕፃን ታቅፎ በረሃ ለበረሃ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ተስፋው የሚካኤል ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። ቁልፉን ከአባቱ ከተረከበ ዘጠኝ ዓመቱ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ በብር የተለበጠ የብራና ወንጌል አለ፤ ለሰኔ ሚካኤል ብቻ ይወጣል፣ አገር ይሳለመዋል፣ ተመልሶ ይቆለፍበታል።

ያኑ ዕለት የደብሩ አለቃ አባ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ እነዚህን ሰዎች ይጠንቀቁ። ልጆቹ መሸፈኛ ናቸው። ሕፃን የያዘን ማን ይጠረጥራል?»

«እንግዶች ናቸው፣ ተስፋው።»

«እንግዳ በሰው አገር ሳጥን ይቆልፋል?»

አባ ገብረ ኪዳን መስቀል አሳልመው አሰናበቱት።

ፈረንጆቹ ከዋርካው ሥር ድንኳን ተከሉ። ተስፋው ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሦስት ቀን አልተነሣም። እናትየው ውሃውን ሳታፈላ ለልጆቿ አታጠጣም። አባትየው ወንድ ልጁን በሳፋ ሲያጥብ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ሳጥኑን ከፈተ፤ ነጭ ነገር ከውስጥ መዥርጦ ቶሎ ዘጋው። በሦስተኛው ቀን ሙሄን በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አሸክሞ ወደ ሰቆጣ ሰደደው። ተስፋው ይህን ሁሉ ለጭቃ ሹሙ አደረሰ።

ማንጠግቦሽ ግን ወደደችው። እየሮጠች ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ብስኩት ሰጠችው። ጾም ነበርና አልቀመሰውም፤ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው።

በዚያው በሦስተኛው ቀን አባትየው አባ ገብረ ኪዳንን ወንጌሉን ለልጆቹ እንዲያሳዩለት ለመናቸው። ሥዕል እንዳለበት ሰምቷል።

«ነገ ረፋድ ላይ አሳያችኋለሁ» አሉት።

ተስፋው ደሙ ፈላ። «አባ! ለሌባ ጓዳ ማሳየት ነው ይሄ!»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ቁልፉን ይዘህ ና።»

ያን ቀን ተስፋው እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ ጠዋት ከዕቃ ቤቱ ራሱን እየደበደበ ወጣ።

«ኡ ኡ! ወንጌሉ የለም! የአገር ያለህ!»

መንደሩ ዱላውን ይዞ ድንኳኑን ከበበ። ጭቃ ሹም ምትኩ ሳጥኑ ይከፈት አሉ። አባትየው ከፈተው። ነጫጭ የሕፃን ጨርቅ፣ የዱቄት ወተት፣ የወባ ኪኒን፣ አንዲት አሻንጉሊት። ተስፋው ራሱ እስከ ታች በረበረው። ሌላ ነገር የለም።

«በሙሄ ልከውታል!» አለ። «ጥቅሉን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጭቃ ሹሙም ሙሄ እስኪመለስ ፈረንጆቹ ከዚያች ዋርካ ንቅንቅ እንዳይሉ ፈረዱ።

በታሰሩ በሁለተኛው ቀን ወንዱን ልጅ አተኮሰው። በሦስተኛው ማልቀስ ተወ። እናትየው ልጇን ታቅፋ ወደ ተስፋው መጣች፤ ልጇ የምትወደው እሱን ነዋ። የምታውቀው አማርኛ ከሦስት ቃል አይበልጥም።

«ልጅ» አለችው። «ሐኪም። ሞት።»

ተስፋው የሕፃኑን ግንባር ዳሰሰው። ፍም ነው። እጁን ቶሎ አነሣ፤ ከዚያ መልሶ አኖረው። ወደ ጭቃ ሹሙም ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይልቀቋቸው።»

«ከሳሹ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ዋሳቸውም እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ከተገኘ እኔን ይሰሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሴቶቹ አለቀሱ። አባ ገብረ ኪዳን ግንባሩን ሳሙት።

«እንዲህ ያለውን ሰው ለቤቱ ያኑርልን!» አሉ።

ተስፋው ሕፃኑን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ወጣ፤ ሰቆጣ ክሊኒኩ በር ላይ ነው ያወረደው። ልጁ ተረፈ። አባትየው ሊያመሰግነው እጁን ሲዘረጋለት ተስፋው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጨበጠው።

ሙሄ ተመልሶ ጥቅሉ እህቱ ሐሊማ እንድታጥበው የተላከ የልጆች ልብስ ነበር ብሎ ማለ፤ ያመነው የለም። ወንጌሉን ፈረንጅ ወሰደው ተባለ። ዋስነቱን ማንም አላነሣበትም። ይልቅስ ለጥምቀት አገሩ ተሰብስቦ መከረና፣ ከዚህ የሚታመን ሰው ከየት ይገኛል ብሎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በተስፋው እጅ አጸናው።

ተስፋው ወንጌሉን ቆቦ ገበያ አውርዶ የሸጠው በመስከረም ነበር።