አርባ ሰባት ምክር ለአንድ ብረት

ድሪሉ ሴራሚኩን አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይወፍራል። አራሚው ይህን የሚያውቀው ስልኩ ላይ ምክር ከጠየቀበት ግሩፕ ነው፤ "ድምፁ ሲወፍር እጅህን አቅልል" ብሎ አንድ ግንበኛ ጽፎለት ነበር። እጁን ያቀላል። ነጭ ዱቄት በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ይረግፋል፤ አራተኛው ቀዳዳም ሴራሚኩን ሳይሰነጥቀው ያልቃል።

"ጨረስክ?" ትላለች እናቱ ከሳሎን። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ አልጋዋ እዚያ ነው።

"ትንሽ ቀርቶኛል እማዬ። ጫጫታው ረበሸሽ?"

"ምን ይረብሸኛል። ቤቱ ውስጥ ወንድ እንዳለ ጎረቤት ይስማ እንጂ።"

በማተሚያ ቤት የሚሠራ አራሚ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳያነብ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አያሳልፍም። የዛሬ አምስት ሳምንት እናቱ "እግሬ እየከዳኝ ነው፣ ሽንት ቤቱ ጋ የምይዘው ነገር ብታደርግልኝ" አለችው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የእጅ መያዣ ብረት በማግሥቱ ገዛ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ግን ስልኩ ላይ "ቤቴን በእጄ" የሚባል ግሩፕ ገብቶ ጠየቀ፦ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ላዩ ሴራሚክ ነው፣ የስልሳ ሁለት ኪሎ ሰው እንዲችል በምን ልሰረው?

አርባ ሰባት መልስ መጣለት። አንዱ ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ ፊሸር ይበቃል አለ፤ ሌላው ፕላስቲክ ያለህ ሰው እናትህን ሊገድልብህ ነው አለ። አንዱ ግድግዳውን እስከ ወዲያኛው ክፍል ብሳውና በረጅም ብሎን አያይዘው አለ። በማጣበቂያ ለጥፈው ያለም አልጠፋም፤ እሱን ሁሉም ሳቁበት። አራሚው እያንዳንዱን አመሰገነ፣ ለእያንዳንዱም አንድ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ሰው ሁሉ እስኪስማማ ጠበቀ፤ ሰው ሁሉ በምን ተስማምቶ ያውቃል? ብረቱ ከነካርቶኑ ኮሪደሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ። እናቱ በአጠገቡ ስታልፍ ዳበስ አድርጋው ነበር የምታልፈው።

በሃያኛው ቀን ስትወድቅ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ አርባ ሰባተኛውን መልስ እያነበበ ነበር።

ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ወደ ጥግ ወሰደውና "ከእንግዲህ በእግራቸው የሚቆሙ አይመስለኝም" አለው። ይህን ለእናቱ አልነገራትም። "ሲሻልሽ" እያለ ነው የሚያወራት። ብረቱን ሳይሰቅል ቢተወው፣ አትነሺም ብሎ በገዛ አፉ የነገራት ይመስለዋል። ዛሬ ጠዋት ድሪሉን ሲያወጣ ታላቅ እህቱ አየችውና "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የመጨረሻውን ብሎን ያጠብቃል። በግሩፑ ደንብ፣ ምክር የጠየቀ ሰው የጨረሰውን ሥራ ፎቶ መለጠፍ አለበት። ዱቄቱን በጨርቅ ይጠርግና ብረቱን ፎቶ ያነሣዋል፤ ይልከዋል። ወዲያው ስልኩ ይንጫጫል። "ጎበዝ።" "ውሃ ልኩን የጠበቀ ሥራ።" ከዚያ ግንበኛው ይጽፋል፦ "አሁን ደግሞ እናትህ ይዘውት አንድ ፎቶ አንሣልን። ምርቃታቸው ይድረሰን።"

አራሚው ይህን ሦስት ጊዜ ያነበዋል። "እሺ" ብሎ ይጽፍና ያጠፋዋል።

"ድሪሉ ቆመ፤ አለቀ እንዴ?" ትላለች እናቱ ከሳሎን።

"አልቋል እማዬ።"

"እስቲ ውሰደኝና ልየው።"

"ሐኪሙ እንዳትነቃነቂ ብሏል እኮ።"

"ሐኪሙ ብዙ ነገር ብሏል። ለአንተ የነገረህን ለእኔ የሚነግረኝ ያጣሁ መሰለህ? ይልቅ ና አንሣኝ።"

ወደ ሳሎን ይመጣና አልጋዋ ጋ ቆሞ ያያታል። ፊቷ ላይ ቁጣ ይፈልጋል፤ አያገኝም። አንዱን ክንዱን ከጀርባዋ፣ ሌላውን ከጉልበቷ ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ ያነሣታል። ጥርሷን ትነክሳለች እንጂ ድምፅ አታሰማም። ስልሳ ሁለት ኪሎ ብሎ ነበር ለግሩፑ የጻፈው። አሁን ግማሿ የለችም።

በመታጠቢያ ቤቱ በር በጎኑ ይገባል። እጇን ትዘረጋና ብረቱን ትይዘዋለች። ትስበዋለች። ደግማ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ድረስ ትስበዋለች። ብረቱ ንቅንቅ አይልም።

"ጠንካራ ነው" ትላለች። "እጅህ ይባረክ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ቶሎ ብዬ..."

"የዚያን ቀን የወደቅሁት በሩ ጋ ነው" ትላለች፣ እሱን ሳይሆን ብረቱን እያየች። "ከዚህ ሩቅ ነው። ይኼ ቢኖርም አልደርስበትም ነበር።"

የወደቀችበትን ቦታ እሱ ያውቀዋል። አሁን ይህ ብረት ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው ያነሣት፤ ሮጦ ሲደርስ በጥፍሯ ይህንኑ ሴራሚክ እየቧጠጠች፣ የምትይዘው ነገር ትፈልግ ነበር።

"አዎ" ይላል፣ "በሩ ጋ ነው።"

ራሷን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች። ክንዱ እየዛለ ነው፤ እሷ ግን ብረቱን ገና አልለቀቀችውም።