ትርፍራፊው ዘፈን

«እስቲ የዜማውን ኪይ ትንሽ ከፍ አድርገው» አለች ሐዳሳ፣ ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ እያስተካከለች።

አቀናባሪው ሱሌይማን ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አጠገቧ ወደቆመችው ወደ ሩሀማ ዞረ። ዘፋኟ እሷ፣ ዘፈኑም በእሷ ስም የሚወጣ ነውና መልሱን ከእሷ ጠበቀ። ሩሀማ «አድርገው» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። ሐዳሳ የጠበቀችውም ይህንኑ ነበር። ተቀባይዋ የቻለችውን ከፍታ ሩሀማ በሱሌይማን ፊት «ይከብደኛል» እንደማትል ታውቃለች።

ሁለቱም እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ኳየር ውስጥ ነው ያደጉት። ሩሀማ ዓለማዊ ዘፈን ጀምራ ስሟ ሲገን፣ አንድ ዘፈን አብረን እንዝፈን ብላ ሐዳሳን ለመነቻት። ሐዳሳ ዘፈነች፤ ዜማውንም ያወጣችው እሷው ነበረች። ወሬው ቸርች ሲደርስ ከኳየሩ አስወጧት። እናቷም ስንት ወር አኮረፏት። ግድ የለም፣ አልበሙ ሲወጣ ይገባቸዋል ብላ ሁሉንም ቻለችው።

በምረቃው ዕለት እናቷን ለምና ሐይቁ ዳር ወዳለው ሆቴል ይዛቸው ሄደች። ዘፈኖቹ አንድ በአንድ ተሰሙ፤ የእሷ ሳይመጣ አለቀ። ጋዜጠኛ ተቀርጸው አልበሙ ላይ ስላልገቡ ዘፈኖች ሲጠይቃት ሩሀማ ሳቅ ብላ «ትርፍራፊ አልበም ላይ አይገባም» አለች። የሐዳሳ እናት ቦርሳቸውን ይዘው ተነሡ። ያን አነሣሣቸውን ሐዳሳ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ዘንድሮ የዚያ ዘፈን ቁራጭ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ድምፁ የሐዳሳ ነው፤ ሰው ግን የሩሀማ መስሎት ሙሉውን ልቀቂው እያለ ወጥሮ ያዛት። ሱሌይማንም፣ ፊትም ቢሆን ከማንም በፊት አልበሙ ላይ መግባት የነበረበት እሱ ነው ብሎ ተከራከራት። እናም ሩሀማ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ስቱዲዮ ሐዳሳን አስጠራቻት፤ አዝማቹን ራሷ ልትዘፍን፣ ሐዳሳ ከሥር ልትቀበላት። ሐዳሳ እሺ አለች። ስሜ ይጻፍ እንኳን አላለችም። ባለፈው የፍቼ በዓል ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ሩሀማ ስትዘፍን ከሕዝቡ መሐል ሆና አይታታለች፤ ዜማው ከፍ ባለ ቁጥር ማይኩን ወደ ሕዝቡ ታዞር ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ሕዝብ የለም።

መጀመሪያ ሐዳሳ ዘፍና አሳየቻት። «ተመለስ» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሳይጨነቅ ወጣ፤ እዚያው ላይ ቆየ፤ ቀስ ብሎ ወረደ። ሱሌይማን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

ሩሀማ ቀጠለች። «ተመ...» ብላ የቀረው ተሰነጠቀባት። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመች። አሁንም ያው። የሐዳሳ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሩሀማ ማይኩን በመዳፏ ሸፈነችው። «ያኔም አልወጣልኝም ነበር» አለች፣ ሱሌይማን እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በድሮውም ኪይ። አጠገቤ ሆነሽ ስትዘፍኚው፣ ሰው ማንን እንደሚሰማ ገባኝ። ለዚህ ነው ያስቀረሁት።»

ሐዳሳ ዜማው ይሆን፣ ግጥሙ ይሆን፣ ድምፄ ይሆን እያለች የዘፈኑን ጉድለት ስትፈልግ ስንት ሌሊት ነግቶባታል። ለካ ጉድለት አልነበረውም። ደስ ሊላት ሲገባ እንደ አዲስ አንገበገባት።

«ወደ ድሮው ኪይ ልመልሰው?» የሚል የሱሌይማን ድምፅ በሄድፎኑ መጣ።

ሩሀማ ዓይኗን ከሐዳሳ ላይ አልነቀለችም። ልጆች ሳሉ፣ ኳየር ላይ ቆመው መዝሙሩ ሲጠፋት እንዲህ ነበር የምታያት። ያኔ ሐዳሳ ቃሉን በከንፈሯ ታቀብላት ነበር።

«አይ፣ እንዳለ ይሁን» አለች ሐዳሳ። «ገና አልሟሟቀችም። ከመጀመሪያው አስነሣው።»

ሙዚቃው ተነሣ። ሩሀማ እጇን ከማይኩ ላይ አንሥታ አየር ሳበች። ሐዳሳ ከንፈሯን ገጥማ ጠበቀቻት።