ደባርቅ ላይ የቀረው አንድ መስመር

ቢራራ ክላሹን አንግቶ ወደ ኮምፒውተር ማሠልጠኛው ሲገባ፣ አስተማሪው ሻረው መጀመሪያ ያየው ጠመንጃውን ሳይሆን ጭንቅላቱን ነበር። ተላጭቷል። ሻረው ክው አለ።

ወንድሙ የተገደለበት ሰው የደሙ ነገር ሳያልቅ ጠጉሩን አይላጭም። የቢራራን ወንድም የገደለው የሻረው ታናሽ ወንድም ሱዳን ገብቶ ከጠፋ ወዲህ፣ ደሙ የሚፈለገው ከሻረው አንድ ልጅ፣ አዲስ አበባ ከሚማረው ከአለምነህ ነው። የቢራራ የአጎት ልጅ ደርቤ ልጁን ፍለጋ አዲስ አበባ መግባቱን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ቢራራ ከተላጨ፣ ደርቤ ልጁን አግኝቶታል ማለት ነው።

ሽማግሌ መሐል ሳይገባ ደመኛ ከደመኛ ቃል አይለዋወጥም። ስለዚህ ቢራራ ለግድግዳው ተናገረ።

«ደርቤ ስልኩን ጥሏል፤ የሚያየው ኢሜይል ብቻ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረሰው!»

ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቷል። የቀረው የዚህ ቤት መደበኛ ስልክና ከአሮጌው ሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘው፣ በስልክ መስመር አዲስ አበባ ደውሎ ኢሜይል የሚያደርሰው ሞደም ነው።

ቢራራ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ፊደል እየለቀመ ጻፈ። የጻፈውን ደመኛው እንዳያነበው ስክሪኑ ላይ በሌላ መስኮት ሸፍኖ ኪቦርዱን ገፋለት።

ሻረው ደወለ። ሞደሙ ጮኸ፣ አፏጨ፣ ተቋረጠ። ከይለፍ ቃሉ ላይ አንዲት ፊደል የቀነሰው ራሱ ሻረው ነው።

«መስመሩ ነው» አለ፣ እሱም ለግድግዳው።

ሰደፉ መንጋጋው ላይ አረፈ። ጥርሱ ከነደሙ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ።

«ይደወል!»

ደወለ። ተቋረጠ። አሁን ደግሞ የሞደሙን ፍጥነት አዛብቶታል። ሰደፉ የግራ እጁን ጣቶች ጨፈለቃቸው። ሻረው ጮኸ እንጂ ያበላሸውን አላስተካከለም። የወላጅ አንጀት እንዲህ ነው፤ አጥንት ሲሰበር ይችላል።

ቢራራ በመስኮቱ ፀሐይዋን እያየ ላብ አጠመቀው። አረመኔ! አለ ሻረው በልቡ፤ ሰው ለማስገደል እንዲህ ይቸኮላል?

በመጨረሻ ቢራራ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ የስልኩን ገመድ ሊያይ አጎነበሰ።

ሻረው ጠመንጃውን አፈፍ አድርጎ አከታትሎ ተኮሰ። ቢራራ ገመዱን እንደጨበጠ ተደፋ። ሻረው ሞደሙንም በሰደፍ ቀጥቅጦ ስብርብሩን አወጣው።

«ልጄን በገዛ እጄ አላስገድልም!» ብሎ ፎከረ፤ እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ ያልተላከውን ደብዳቤ ከፍቶ አነበበ።

«ደርቤ፣ ዛሬ ማታ አለምነህን እንዳትነካው። ስለ ማርያም ብዬ ምሬዋለሁ።»