ያላለቀው ቀስት

ቀስት ሠሪው ከተቀበረ ወዲህ የሥራ ቤቱ ቁልፍ ከሚስቱ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ጠዋት ስትከፍተው፣ እንጨት ማጥበቂያው ሞርሳ ላይ ሳያልቅ ታስሮ ከቀረው ቀስት ሥር አዲስ ፍቅፋቂ ታገኛለች። ግራ ቢገባት የባሏን የልብ ወዳጅ፣ አብሮት ዒላማ ሲመታ ያረጀውን ቀስተኛ አስጠራችው።

ቀስተኛው እንጨቱን ዳሰሰ። ሟቹ ቀስት በፋቀ ቁጥር ስቦ እንዲሞክረው ይሰጠውና "በቃው?" ይለው ነበር። እሱ "በቃው" ካላለ መላጊያውን አያስቀምጥም ነበር።

"በጣም ቀጥኗል። ከዚህ ካለፈ ይሰበራል" አለ።

"እስቲ ንገረው ወንድምዓለም፤ አንተን እንደሁ እምቢ ብሎህ አያውቅም።"

አፈረ። ቢሆንም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "በቃው ወንድሜ፤ ግሩም ሆኗል" አለ ለባዶው ክፍል። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረበት።

ሴትየዋ እንባዋን ጠርጋ ወለሉን መጥረግ ጀመረች። መላጊያው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቀስቱ ላይ ግን ስስ ፍቅፋቂ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተጠቀለለና መጥረጊያዋ ፊት ወደቀ።

"በቃው አልኩህ እኮ" አለ ቀስተኛው፣ እንጨቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

ከመዳፉ ሥር ሌላ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወጣ።