ጥጃ ያላት ላም

ድርቁ ከብቱን ሲጨርስ መንግሥት የድጎማ መኖ ላከ፤ ግን ጥጃ ላላት ላም ብቻ ነው ተባለ። እትዬ ዘርፌ ከማለዳ ጀምሮ መቀመጫ አጥተው ከጓዳ ደጅ ሲሉ ዋሉ። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ሲመጣ ላማቸውንና ጥጃዋን በሩቁ አሳዩት።

«ያውልህ ልጄ፣ እየላሰችው። እንዳትጠጋ፣ ተዋጊ ናት!»

ባለሙያው ግን ጠጋ ብሎ የጥጃውን ጀርባ ዳበሰ። ስፌቱ ተተረተረና የአሮጌ ቀሚስ ቡትቶ ብቅ አለ። እትዬ ዘርፌ አንገታቸውን ደፉ። ጥጃው የሞተ ጊዜ፣ ላሟ ወተቷን እንዳትከለክላቸው፣ ቆዳውን ገለባ ሞልተው የሰፉት እሳቸው ናቸው። ገለባውንማ እሷው በልታ ጨርሳዋለች።

ባለሙያው የላሟን የገጠጠ ጎድን አየ። አሁንም ትልሳለች። ቡትቶውን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ መለሰው።

«እናቱ አለ ካለች፣» አለ፣ «የለም የምል እኔ ማን ነኝ?»