የመምህሩ ሁለት ስም

ከደብረ ታቦር አጥቢያዎች በአንዱ የአርባው ፍትሐት ሊጀመር ሲል፣ ቄሱ ጎንበስ ብለው ሴትየዋን የባሏን የክርስትና ስም ጠየቋት።

«ወልደ ሚካኤል» አለች ቀስ ብላ። ባሏን በቀይ ሽብር የረሸኑት ሰዎች ይህን ስም አያውቁትም። ሐዘን እንዳትቀመጥ የከለከላት ቀበሌም አያውቀውም። የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ግን በሩ አጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ነበር፤ ለጸሎት ትምጣ ለወሬ አልታወቀም።

«ይበቃል ልጄ» አሉ ቄሱ በሹክሹክታ። «እግዜር በዚህ ስም ያውቀዋል። ቀበሌ እንደሆነ ክርስትና አላነሣው።»

መስቀላቸውን ዘረጉላት። ተሳለመች። እምነቷ ለቤቷ እንጂ ለአደባባይ እንደማይበቃ ታስብ ነበር፤ እንዲህ እየተሸሸጉ ማዘንም አድክሟታል። ጌታ የተሰቀለው ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፎ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየው መሆኑ ትዝ አላት። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ቢሆንም ቀና ብላ በሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«የዓለም ስሙ መዝገቡ ነው፣ አባ። መምህር መዝገቡ። እሱንም ይጥሩልኝ።»

ቄሱ ወደ በሩ አዩ፤ ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እኔም እኮ ፈሪ ነኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም ስም ጠሩ።